የአካፋው ደብተር

አባቷ የምድጃውን ደብተር በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ብረታቸውን የሚገዛው አገር በማቅለጫው ጭስ ልክ ቀረጥ ሊጥል ነው፤ ቀረጡ ከከበደ ምድጃው ይዘጋል። ጭሱን የሚያሰላውን ፕሮግራም የጻፈችው ልጁ ነበረች።

“አባዬ፣ ከሰሉን በአካፋ ነው የጻፍከው። በሚዛን ስንት ነው?”

“ምን ሚዛን አለን? አካፋ አካፋ ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት አካፋ አልዘለልኩም።”

ፕሮግራሙን ከፍታ የክብደቱን ቦታ ባዶ ተወችው። ስክሪኑ ቀላ፤ በባዶው ቦታ ከሁሉ የከፋው የጭስ መጠን ገባበት። “ያልመዘነ ሁሉ እንደ ደበቀ ይቆጠር” ብላ ደንቡን ያስገባችው፣ ለዚያም የተጨበጨበላት እሷው ነበረች።

“እህ፣ ምን ይላል?” አለ አባቷ መነጽሩን እየፈለገ። “መቼም አንቺ የሠራሽው አይጨክንብንም።”

መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አየችው፤ አልነገረችውም።