ማኑ ጎንበስ ሲል

ወንዙ ስለሚያገሳ እየተጯጯህን ነው የምንነጋገረው። እኔ ከፊት፣ ኬሃር ከኋላ ሆነን የመንደራችንን አምላክ የማኑን ዙፋን፣ የብር ፊቶቹ እንደተደረደሩበት፣ በረጃጅም እንጨቶቹ ተሸክመን አባቴ ግቢ ውስጥ ቆመናል። የቢያስ ወንዝ ትናንት ከገብስ ማሳችን በታች ነበር። አሁን የአጥሩን ድንጋይ እየላሰ ነው።

አባቴ ቻፔ ራም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጋያቸውን ያጨሳሉ። የመንደሩ ሰው በሙሉ ልጁንም ከብቱንም ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጥቷል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ! አጥሩ ከሄደ እኮ መውጫም የለን!»

«አንተ ሂድ! የሰው ዘር ሁሉ ሲሰምጥ ማኑን ያልደፈረ ውሃ፣ ዛሬ የማኑን ልጅ ሊበላ ነው? እኔ ደግሞ ፈሪ አልወለድኩም ብዬ ስኮራ!»

ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሉት። የቀረውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። በዚህ ሸለቆ ሁላችንም ከጥፋት ውሃ የተረፈው የመጀመሪያው ሰው፣ የማኑ ልጆች ነን እንላለን፤ እንዲህ አምኖ ጎርፍ ፊት የሚቀመጥ ግን ከአባቴ በቀር አላየሁም። ማኑን ራሱን ያመጣሁባቸው ለዚህ ነው። ማኑ ሲፈቅድ ዙፋኑ በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ በራሱ ይንቀሳቀሳል። እሱም ካቃተው አባቴን ዛሬ ውሃ ይወስዳቸዋል።

ኬሃር ከኋላዬ ይጮሃል። «ዱኒ! ዙፋኑን ገፋ አድርገን በራቸውን እናስመታው! ማኑ ውጣ ብሏል እንላቸዋለን፤ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!» ይላሉ አባቴ ከበረንዳው። «አንተ ሳትወለድ እኔ ተሸክሜዋለሁ፣ አንተ ቀጣፊ! የማኑን ክብደት ከናንተ ግፊያ የማልለይ መሰለህ?»

እኔም የኬሃርን ብልሃት እያሰብኩ ነበርና አፍሬ እንጨቱን ትከሻዬ ላይ አስተካክላለሁ።

ማኑ እያደረበት በአፉ የሚናገርበት ቴክ ራም አጠገባችን ቆሟል። ድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቆቡ ይወድቅና ረጅም ፀጉሩ ትከሻው ላይ ይበተናል። የሚወጣው ድምፅ የሱ አይደለም፤ አይጮህም፣ ግን ከወንዙ በላይ ይሰማል።

«ጠዋት ነበር። ልታጠብ ውሃ ብዘግን ጥፍር የምታክል ዓሣ መዳፌ ውስጥ ገባች። ትልልቆቹ ሳይውጡኝ አድነኝ፣ እኔም አንድ ቀን አድንሃለሁ አለችኝ።»

አባቴ ጋያውን ያስቀምጣሉ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ከእናት ጡት ጋር ጠብተነዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

«ውሃው ፈርቶ የተወኝ መሰለህ፣ ቻፔ? እኔ የተረፍኩት ያቺ ትንሽ ስትለምነኝ እምቢ ስላላልኩ ነው። ዛሬ ለማኙ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

እንጨቱ ትከሻዬ ላይ ይከብዳል። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። ሳላዝዘው ጉልበቴ ይታጠፋል። ዙፋኑ ወደፊት ያዘነብላል፤ ያንን በር ሊመታ አይደለም። የብር ፊቶቹ ዝቅ፣ ዝቅ እያሉ ወርደው ጭቃ ከለበሰው ከአባቴ የሣር ጫማ ፊት ይቆማሉ። ሕግን ለሰው ልጅ የሰጠ፣ ንጉሥ ቢመጣ ንጉሥ የሚሰግድለት ማኑ፣ ለአንድ ገብስ ዘሪ ሽማግሌ ጎንበስ ብሏል። እንባዬ ለምን እንደሚወርድ አላውቅም።

አባቴ ብድግ ይላሉ። «ኧረ ተው! ኧረ እኔ ማን ነኝና! ቀና በል፣ አባቴ፣ ቀና በል!»

ሁለት እጃቸውን ከብሩ አገጭ ሥር ሰድደው ያነሱታል። ክብደቱ ከትከሻዬ ላይ ወዲያው ይጠፋል።

«በቃ እሺ» ይሉታል፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አንተ ከለመንከኝማ እወጣለሁ።»

ዳገቱን ስንጀምር ኬሃር ከኋላዬ ይጠራኛል። «ዱኒ፣ ምነው ሳትነግረኝ ዝቅ አደረግከው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ?»

እንጨቱን በሁለት እጁ ጠበቅ ሲያደርግ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል።

ከኋላችን አጥሩ ይናዳል፤ ቤቱም ይከተላል። አባቴ ዞር ብለው አያዩም። መዳፋቸውን ገጥመው ከማኑ አገጭ ሥር እንደያዙ፣ የዘገነው ውሃ እንዳይፈስበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ።