ከባዶ በርሜል የወረደ ስብ

በያጁ አሮጌ በርሜል ቆርጦ ሥጋ በጭስ የሚያበስልበት ምድጃ ሲሠራ አውራ ጣቱን በመዶሻ መታውና ጥፍሩ ጠቁሮ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያም ሆኖ ጨረሰው። የድሮው ቀለም ሽታ እንዲለቅ ብሎ ባዶውን እሳት ቢለኩስበት፣ ከታች ካለው ቀዳዳ ቢጫ ስብ ከሥሩ ባስቀመጠው ጣሳ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። ክዳኑን ከፈተ፤ ፍርግርጉ ላይ ምንም የለም። ፈግፍጎ አጥቦ እንደገና ለኮሰ። ስቡም እንደገና መጣ።

የሚስቱ ወንድም ሽታው ጠርቶት ዳቦ ይዞ ከተፍ አለ። ከጣሳው እያጠቀሰ፣ "አንተ ስስታም፣ ሥጋውን የት ደበቅከው?" አለ።

"ምንም አልጠበስኩም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ትፋው!"

አማቹ እየሳቀ ሲያላምጥ ጥርሱ ቀጭ አለ። ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ ጥቁር የሰው ጥፍር ነው።

በያጁ አውራ ጣቱን አስጠጋ። የሁለቱ ጥፍሮች ስንጥቅ አንድ ነው። የእሱ ጥፍር ግን ገና ጣቱ ላይ ነበር።