የካሣዬ ጥርስ

«ይሄም ደርሷል፤ ይግባ» አለ ካሣዬ፣ የነከሳትን የቡና ፍሬ እንትፍ ብሎ።

ልጁ ህሊና የእርጥበት መለኪያ መሣሪያዋን አየች። አሥራ አራት ይላል። ታጥቦ የተሰጣ ቡና ወደ መጋዘን የሚገባው እርጥበቱ ከመቶ አሥራ አንድ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሲሆን ነው። በአሥራ አራት የገባ ቡና ውሎ አድሮ ይሻግታል፤ ይህን ደግሞ ቴፒ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

ዘጠኝ ፌስታል ቡና ነበር ያመጣችለት። ስድስቱ ላይ የአባቷ ጥርስና መሣሪያዋ ተስማሙ፤ ሦስቱ ላይ ግን ይኸው ተጣሉ።

«ምን ነካው ይሄ የተረገመ!» አለች። መሣሪያውን ነው።

ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛችም። ነገ ጠዋት የመመረቂያ ፕሮጀክቷን መምህሮቿ ፊት ታቀርባለች፤ የቡና ማኅበሩ ሊቀመንበርም ተጠርቷል። መሣሪያውን አማካሪዋ አይቶ፣ «ከማሽኑ ጎን የባለሙያ ጥርስ የሚለውን ጻፊ፤ የሚያሳምናቸው እሱ ነው» ብሏታል። ማኅበሩ ውስጥ ባለሙያ ማለት ደግሞ ካሣዬ ነው።

መሣሪያው ምን አለው! ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተቆረጡ ሁለት ቆርቆሮዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቡናው መሀላቸው ይፈስሳል። እርጥብ ከሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ደረቅ ከሆነ ትንሽ። ለዚህች ለዚህች በኤሌክትሪክ ምህንድስና አምስት ዓመት ስንቱን ተሸከመች! የሲግናሉን ሒሳብ፣ የሞገዱን ሒሳብ፣ ለአሥራ አራት ተማሪ አንድ የሆነውን፣ ዝናብ ሲመጣ ከመብራቱ ጋር ድርግም የሚለውን ሞገድ ማሳያ ኦሲሎስኮፕ። አንቴና የተማረችው በወረቀት ነው፤ «ኤ» ያገኘችውም በወረቀት ነው። በእጇ በይዳ «የኔ» ያለችው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሆኖም የተሳሳተው መሣሪያው ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማኅበሩ ቡና የገባው በአባቷ ጥርስ ነው። እሷም ያደገችው፣ የተማረችው በዚያው ጥርስ ነው። ከሱ ጋር ማን ይከራከራል? ትንሿን መፍቻ አወጣችና የማስተካከያውን ብሎን ግማሽ ዙር አዞረችው። አሥራ አራት የነበረው አሥራ አንድ ተኩል ሆነ።

«በቃ፣ ተገላገልኩ» አለች። ደስ እንኳ አላላትም፤ አልጋዋ ብቻ ታያት።

የቀራት ፖስታውን መክፈት ነበር። ጓደኛዋ ማርዋ ትናንት ከየፌስታሉ ጥቂት ጥቂት ወስዳ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መዝና፣ በምድጃ አድርቃ፣ እንደገና መዝናላታለች። የጎደለው ክብደት ውሃው ነው። የህሊና ዓይን እንዳያዳላ ብላ ውጤቱን በፖስታ አሽጋ ነው የሰጠቻት።

ህሊና ፖስታውን ቀደደች። ስድስቱ ልክ ናቸው። አባቷ «ደርሷል» ያላቸው ሦስቱ ግን በማርዋ ጽሑፍ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት ተኩል ይላሉ። ብሎኑን ሳትነካው በፊት መሣሪያው ያለውን ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አባዬ፣ እስቲ ይቺን ድገማት።»

ካሣዬ ፍሬዋን ተቀብሎ በፊት ጥርሱ ቆረጠም አደረጋት። ህሊና ደነገጠች። አባቷ ቡና የሚነክሰው በቀኝ መንጋጋው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

«በመንጋጋህ ነዋ!»

ካሣዬ ወደ መጋዘኑ ዞር ብሎ ሰው አለመስማቱን አየ።

«የለኝም» አለ። «ኅዳር ላይ ወለቁ፤ የቀኙም የግራውም። የፊቱ ጥርስ አይነግረኝም። እየገመትኩ ነው፣ ልጄ።»

«ሁለት ወር ሙሉ? ምነው ለእኛ እንኳ ብትነግረን!»

«ምን ብዬ? ካሣዬ ጥርሱ ወለቀ ከተባለ ካሣዬ ምን ይሠራል?» ድምፁ ደከመ። «እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። ያስገባሁት ሁሉ ቤቴ ድረስ ይሸተኛል።»

አሳዘናት፤ አናደዳትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ደከማት።

«በቃ፣ ሦስቱን እተዋቸዋለሁ። ስድስቱን ብቻ አቀርባለሁ። ማን ያውቃል?»

«ተይ እንጂ!» አለ ካሣዬ ቆጣ ብሎ። «አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው? እንዳለ ጻፊው። ስሜንም ጻፊ። ሊቀመንበሩን ነገ በጠዋት እኔው ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ የገባውም ወጥቶ ይሰጣ።»

ህሊና መፍቻዋን አነሳችና ብሎኑን ግማሽ ዙር ወደ ነበረበት መለሰችው።

ይህን ጊዜ የመጋዘኑ ኃላፊ ባየ ቡናው ከተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ማዶ ተጣራ። «ጋሽ ካሣዬ! ደመናው መጣብን! ሦስተኛው አልጋ ይግባ ወይስ ሸራ ይልበስ?» አጠገቡ የማኅበሩ ሴት ሠራተኞች ጆንያ ዘርግተው የካሣዬን ቃል ይጠብቃሉ።

ካሣዬ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ወደ ሦስተኛው አልጋ ሄደ፤ ህሊናም መሣሪያዋን በነጠላዋ ሸፍና ተከተለችው። እንደ ሁልጊዜው አንድ እፍኝ ዘገነ፣ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ፣ የቀረውን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ለልጁ አቀበላት። ህሊና በቆርቆሮዎቹ መሀል አፈሰሰችው። ቁጥሩ ወጣ ወረድ ብሎ አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።

ካሣዬ ዓይኑን አልጨፈነም፤ እሷን አያት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ገና ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ሸራ አልብሱት!»

«እሺ ጋሼ!» አለ ባየ። ሴቶቹም ጆንያቸውን ጥለው ወደ ሸራው ሮጡ።

ካሣዬ ፍሬዋን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አያት። ጥርስ አልነካትም፤ ድፍን ነበረች።