የክንዱ ሰሌዳ

ክንዱ ምሥራቅ ጀርመን አራት ዓመት ተምሮ ሲመለስ፣ ዓባይ ማዶ ካለ አንድ የጆንያ ፋብሪካ መደቡት። ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ማሽን ሲግል፣ ክር ሲታነቅ ወይም የቃጫው ብናኝ እሳት ሲይዝ ለሸማኔዎቹ የሚያስታውቅ የአደጋ ሰሌዳ መሥራት።

ሠራ። መጥፎ ሠራ አይባልም። ለአርባ ሁለት የሽመና ማሽን አርባ ሁለት ቀይ መብራት፣ እያንዳንዱ ሽምብራ የሚያህል። ከአናቱ ላይ ደግሞ ሰፌድ የሚያህል ደወል። ሰሌዳውን የሰቀለው የኤሌክትሪኩ መስመር ባለፈበት በኋለኛው ግድግዳ ነው። ሸማኔዎቹ ሲሠሩ ጀርባቸውን የሚሰጡት ግድግዳ ይኸው ነው።

ከአርባ ሁለቱ ሴት ሸማኔዎች ታላቋ አገርነሽ ናት። ፋብሪካው ሲከፈት የገባች፣ በንጉሡም በደርግም ጊዜ ያልሰደበችው ሹም የለም የምትባል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኸ ለማን ነው?»

«ለእናንተ ነው፣ እትዬ።»

«ለእኛ ከሆነ ወደ ፊታችን አምጣው። ብርቱካን የሚያህል መብራት በየማሽኑ አናት ላይ ስቀል። ደወሉን ንቀልና ለቤተ ክርስቲያን ስጥ።»

ክንዱ ሳቀ። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ብሎን እያጠበቀ፣ «ዓይን ይዘናጋል፣ እትዬ። ጆሮ ግን አይጨፈንም። ደወሉን ያደረግሁት ለዚያ ነው» አላት።

ትከሻውን ጨምድዳ አዞረችው።

«ከእኔ ጋር ስታወራ ፊትህን ስጠኝ! ጀርባህን ለሚስትህ አሳያት።»

ክንዱ ሚስት አልነበረውም። ቢሆንም ጆሮው ድረስ ቀላ።

በዚያው ሳምንት በፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ምርት በእጥፍ ያድጋል። ከመሠረተ ትምህርት የቀረ ይቀጣል። የአካል ጉድለት የተገኘበት ሠራተኛ ይሰናበታል። ደወል ሲደወል ማንኛውም ሸማኔ ወዲያው ማሽኑን ያቆማል። አሻጥረኛ ይመነጠራል። ማንበብ የጀመሩት ሴቶች ላልጀመሩት አነበቡላቸው፤ ከዚያ ሁሉም አገርነሽን አዩ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማሽኗ ሄደች።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አርባ ሁለቱም ማሽኖች እየሠሩ ሳለ፣ ክንዱ ለሙከራ ቁልፉን ተጫነ።

ደወሉ ጮኸ። በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ተፈናጥሮ ተነሣ። ዓባይ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውዬ እንኳ ቀና ብሎ አየ። ሴቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ክንዱ ደገመው፤ ሠለሰው። አንድም ማሽን አልቆመም።

የፋብሪካው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ መርስዔ ኀዘን እየሮጠ መጣ። የማሽኖቹን ኤሌክትሪክ ብቻ አስጠፍቶ ጸጥ አሰኛቸውና ሴቶቹን ሰበሰበ። ሲጋራው በከንፈሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ይኸ አድማ ነው! ዘበኛው የሰማውን ደወል እናንተ እንዴት አልፋችሁት? ማነው ያሳደማችሁ?»

«መጀመሪያ ሲጋራህን ከአፍህ አውጣ» አለችው አገርነሽ። «እየጎረሰ የሚናገር ሹም እኔ አላውቅም።»

ሰውዬው ከድንጋጤው የተነሣ አወጣው። «ማነው ያሳደማችሁ አልሁ!»

ሰዓዲያ የምትባል ልጅ እግር ሸማኔ፣ «እኛኮ፣ ጓድ…» ብላ ስትጀምር አገርነሽ በክርኗ ጎሰመቻት።

«እኔ ነኝ። ማንም እንዳያቆም ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ሌላ የምትጠይቀው ካለህ ጠይቅ።»

«ለምን?»

«በደወል የምነዳ በቅሎ ስላልሆንሁ።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም። መመለሱን ግን የሚያውቅ የለም። ክንዱ ሊቀ መንበሩ ጥበቃዎቹን ሊጠራ ሲወጣ ጠብቆ ከፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ አልሰማነውም ይበሉ። በማሽኑ ጩኸት ደወሉ አልተሰማንም ይበሉ፤ በቃ። ጥፋቱን በደወሉ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ይለቁዎታል።»

ፊቷ እንደ ፍም ቀላ።

«አልሰማሁም? እኔ? ጣና ላይ ዓሣ ሲገለበጥ እሰማለሁ! ከአርባ ሁለታችን ያልሰማች አንድ የለችም። ሰምተን ነው የናቅንህ! እንዲያ ብለህ ጻፍ።»

«እትዬ፣ እኔ ላድንዎት ነው።»

«ጻፍ አልሁህ። ሁሉም ሰምተዋል፤ የከለከለቻቸው አገርነሽ ናት በል። ቃል እንዳታጎድል።»

ክንዱ ጻፈ። እልህ ይዞት ነበርና ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። እሷ በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ስሟን ፊደል በፊደል ከሥሩ አሰፈረች። ጥበቃዎቹ ሲደርሱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ክንዱ ዞረች።

«መብራቱን ግን ፊታቸው ላይ ስቀልላቸው። ብርቱካን የሚያህል።»

እየተያዘችም ታዛለች፣ አለ ክንዱ በልቡ።

በሁለት ጥበቃዎች መካከል ሆና፣ አንገቷን ሳትሰብር ወጣች። አርባ አንዱ ሴቶች ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ላይ ተኮለኮሉ። አዳራሹ ጭር አለ፤ ማሽን የለ፣ ወሬ የለ፣ ዝንብ ቢበር ይሰማል። ክንዱ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ደወሉ እንከን እንደሌለው በሪፖርቱ መጻፍ ነበረበትና ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጫነው።

ደወሉ አምባረቀ። ጣራው ላይ የነበሩት ርግቦች ግር ብለው ተነሡ፤ ውጪ የቆመው ዘበኛ ዱላው ከእጁ አመለጠው፤ ክንዱ ራሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

መስኮቱ ላይ ከቆሙት አርባ አንድ ሴቶች አንዲትም የደነገጠች፣ ዘወር ያለች የለችም። ክንዱ በር ላይ የተለጠፈውን አስታወሰ፤ የአካል ጉድለት የተገኘበት ሠራተኛ ይሰናበታል።