ምላጩ የወደዳቸው ፊልሞች

የሚስቱ ደም በቱቦው ወጥቶ ወደ ማሽኑ መዞር ሲጀምር የፊልም ሃያሲው ወንበሩን ወደ አልጋዋ ያስጠጋል። ነርሷ መርፌውን የያዘውን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ጫን ጫን ታደርግና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ታልፋለች። የኩላሊት እጥበቱ ክፍል መስኮቶች እስከ ወገባቸው ነጭ ቀለም ተቀብተዋል፤ የሚገባው ብርሃን ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን አየህልን?» ይላል ከማዶ የተኛው ሾፌር። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ማሽኑ እስኪለቀው ድረስ አንድ ቦታ ተጋድሞ መዋል ከበሽታው ይብስበታል።

ሃያሲው ጉሮሮውን ይጠርግና ሰሞኑን የገቡትን ፊልሞች ይነግራቸዋል። አንድ አሮጌ መኪና በጋራ የገዙ የሁለት ባላንጣዎች ኮሜዲ አለ። «አንደኛው ቃል ሳይተነፍስ፣ በትከሻው ብቻ ያስቃል።» የጦርነት ፊልምም አለ። «ጦርነቱን ከግንባር ሳይሆን ከጓዳ ነው ያየው። ወጥ ቤት ቆማ ሬዲዮ የምትሰማ እናት። አንድ ጥይት አይተኮስም፣ ግን ትፈራለህ።» አስፈሪውንም ያደንቃል፣ ጭራቁን አንዴም ሳያሳይ በር ሲጥ በማድረግ ብቻ ሰው ያስጮኸውን። ለልጆች የተሠራው ካርቱን እንኳ አይቀረውም።

«እሱን አሳዩኝ እያለች የልጅ ልጄ ስትነዘንዘኝ ከረመች» ይላሉ በቀኝ በኩል የተኙት አሮጊት። ክፍሉ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። «ልውሰዳት እንዴ?»

«ይውሰዷት እማማ። እርስዎም ይወዱታል።»

«ሲኒማ ቤቱ ጉድ ፈላበት» ይላል ሾፌሩ። «እዚህ ተኝተን በነፃ ጨረስነው።»

ሰዎቹ ይስቃሉ። ሚስቱ አትስቅም። ጣሪያውን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «አንድ የጠላኸው የለም?» ትለዋለች።

«ምን?»

«ፊልም ነዋ። ከሰሞኑ አንድ እንኳ የጠላኸው የለም?»

በሚጽፍበት ጋዜጣ ቤት ስሙ ምላጩ ነው። ፊልም ሠሪዎች ገና በሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ጽሑፉን ከመላኩ በፊት የምታነበው ሚስቱ ናት፤ «ኧረ ይሄን አውጣው፣ ይሄም ሰው እናት አለው» ትለው ነበር። እሱም እያጉረመረመ አንዱን ያወጣል፣ ሁለቱን እንዳለ ይተዋል።

«ዘንድሮ ጥሩ ጥሩው ነው የገባው» ይላል።

«ሁሉም?»

«አጋጣሚ ነው።»

«እኔ ከታመምኩ ወዲህ መጥፎ ፊልም ተሠርቶ አያውቅም» ትላለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ሐኪሙ ደህና ነሽ ሲለኝ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ያንተን ጽሑፍ ግን አነባለሁ። በየሳምንቱ ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው ትላለህ። አንብቤ ስጨርስ፣ በቃ እኔ የምድን አይደለሁም እላለሁ።»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እማማ ያልሰሙ መስለው የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

«እስቲ አንዱን እንደ ድሮህ ቆራርጠው። ለኔ ስትል።»

ሃያሲው ይሞክራል። አንድ የፍቅር ፊልም ያነሣል፤ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን የሚያፈቅርበትን።

«መጨረሻው ላይ ዝናብ አለ» ይላል።

«እሺ፣ ዝናቡ ምን ሆነ?»

«ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው የሚዘንበው። ከቧንቧ እንደሆነ ያስታውቃል።»

«ጥሩ። ቀጥል።»

 ድሮ ቢሆን በዚያ ዝናብ ብቻ አንድ ሙሉ ዓምድ ይጽፍ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ወደ ጆሮዋ ያስጠጋል።

«እኔ እኮ አልዋሸሁሽም። የምሬን ነው፣ ሁሉም ይጥመኛል። ሲኒማ ቤት መብራቱ ሲጠፋ ማንም ምን ሆነች ብሎ አይጠይቀኝም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አላስብሽም። በዚያ በቧንቧው ዝናብም አልቅሻለሁ። ታዲያ ምኑን ልንቀፍ?»

ሚስቱ ያልተወጋውን እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ እጁ ላይ ታሳርፈዋለች። እጇ ይቀዘቅዛል፤ ደሟ ውጭ ቆይቶ ነው የሚመለሰው።

«ደግ አደረግህ» ትላለች። «ነገም ሂድ። አንተስ ከኔ የምታርፍበት አገኘህ። እኔ ነኝ ከራሴ የማርፍበት ያጣሁት።»

በሌላ እጁ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ይስብላታል።

«በል የልብስ ሰፊውን ንገረኝ» ትለዋለች። «ከመጀመሪያው።»

ይነግራታል። ሴትዮዋ ኮት ልታሰፋ ስትመጣ ካሜራው ፊቷን አያሳይም፤ ሰውዬው ትከሻዋን ደጋግሞ የሚለካበትን ሜትር ብቻ ያሳያል። ልብስ ሰፊው ቶሎ እንዳያልቅበት ቀን የሰፋውን ኮት ማታ ይተረትረዋል። የሚስቱ ዐይኖች ቀስ በቀስ ይከደናሉ። ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል ቅንድቧ ይኮማተራል።

«አታቁም ልጄ» ይላሉ እማማ በሹክሹክታ። «ድምፅህ ሲጠፋ ትነቃለች።»

ይቀጥላል። ዝናቡ ይዘንባል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ የተዋንያኑ ስም ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱም አላየም፤ ከራሱ እየፈጠረ ይቀጥላል። ልብስ ሰፊው ሴትዮዋን ቤቱ ያስገባታል። እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ያደርቅላታል። ሲነጋ ሱቁን አብረው ይከፍታሉ። ክረምቱ ይወጣል፣ በጋው ይገባል፣ ሴትዮዋ ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት ጣል ያደርግባታል። ሃያሲው ድምፁን ሳያነሣ ሳይጥል አንድ ዓመት ይጨምርላታል። ከዚያም ሌላ።