በጥቁር ክር የተሰፋ ገጽ

ልጅቱ መጽሐፉን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችና ከጎኑ ምላጭ አኖረች። አልጮኸችም። ብትጮህ ለአያቷ ይቀላት ነበር።

«እማማ፣ ራስሽ ተርትሪው።»

አያትየዋ መነጽሯን ፈለገች፤ ግንባሯ ላይ ነበር። ጠዋት ልጅቱ ስለተሰፉት ገጾች ስትጠይቃት፣ በዚህ ዕድሜዋ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ የማተሚያ ቤቱ ስህተት ይሆናል ብላት ነበር።

«ማተሚያ ቤት በእጅ አይሰፋም» አለች ልጅቱ። «ይኼን ስፌት ደግሞ ከዩኒፎርሜ ጠርዝ ላይ አውቀዋለሁ።»

መጽሐፉ ከመቃብር ስለሚነሱ ሙታን፣ ልጆቹ ዞምቢ ስለሚሏቸው፣ የሚተርክ ተከታታይ ልቦለድ ሦስተኛ ቅጽ ነው። ልጅቱ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ከእነዚህ ሌላ አታነብም። አያትየዋ ሽፋኑ ላይ ያለውን የበሰበሰ እጅ ባየች ቁጥር፣ ልጅቱ ሳትበላ የዋለችበት ቀን ሁሉ የዚያ እጅ ሥራ ይመስላታል። ትናንት መጽሐፉን ገለጥ አድርጋ «የሞተችው እናት በሩን አንኳኳች» የሚለው ላይ ስትደርስ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መጽሐፍ መቅደድ ነውር ነውና መርፌ አነሳች፤ ከዚያ ጀምሮ አራት ቅጠል ደርባ ጠርዝ ጠርዙን ሰፋችው።

አሁን ክሩን በምላጩ ጫፍ እየበጠሰች ተረተረች። የገዛ እጇ ጥብቀት አስቸገራት። ሲያልቅ ልጅቱ አንብቢልኝ አለቻት፤ በምን አፏ እምቢ ትበል?

የሞተችው እናት አልተናከሰችም። ጎረቤቶቹ በሩን በቁም ሣጥን ደግፈው፣ መጥረቢያ ይዘው ሲጠብቋት፣ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልጇ ረስታው የገባችውን ሹራብ ታቅፋለች። በበሰበሱ ጣቶቿ ቁልፎቹን ልትቆልፍ ትታገላለች፤ አንዱን ስትቆልፍ ሌላው ይፈታባታል። ማንም አልከፈተላትም።

የአያትየዋ ድምፅ እዚያ ላይ ተሰበረ።

«የክፍላችን ልጆች ነግረውኝ ነበር» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ሰው ሁሉ ትነክሳለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ አትነክስም አሉኝ። ቶሎ እንዳያልቅብኝ በቀን ሁለት ሁለት ገጽ ብቻ ነበር የማነበው፣ እሷ ጋ እስክደርስ።»

አያትየዋ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች።

«በረደሽ እንዴ?» ብቻ ወጣላት።

ልጅቱ ገጹን ወደ መስኮቱ አንስታ ዘረጋችው። በመርፌው ቀዳዳዎች ብርሃን ገባ፤ ጠርዙን ይዞ፣ እኩል እኩል፣ አንድም ሳይዛነፍ። አያትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያማረ ስፌት ሰፍታ አታውቅም።