ፌንጣ ከማንም አይማርም

ዮላንዳ ፌንጣዎችን በድምፃቸው ለይታ የምታውቅ ተመራማሪ ናት። ማኑ ከሚባለው ወንዝ ራስጌ፣ ሰው ከማይደርስበት ጫካ ውስጥ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከኤሊሴዮ ጋር አዳዲስ ነፍሳት ፍለጋ ከገባች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ረፋዱ ላይ ከአንድ ቅጠል ሥር ግራጫ ፌንጣ አገኙ። ክንፎቹን ሲያፋትግ የወጣው ድምፅ የኤሊሴዮ ሳቅ ነበር፤ ሲስቅ መጨረሻ ላይ የምታመልጠው ሳል እንኳ አልቀረችም።

«አንቺ! ከኔ ነው እንዴ የተማረው?» አለና ኤሊሴዮ ሳቀ።

ዮላንዳ አልሳቀችም። «ፌንጣ ከማንም አይማርም» አለች። «ድምፁን የሚወርሰው ከእናት ካባቱ ነው። ሲፈለፈል ጀምሮ አብሮት ያለ ነገር ነው።»

«እንግዲያው አያቶቹ ያውቁኛላ! በይ ስም ስታወጪለት በኔ ስም ይጠራ» እያለ ብልቃጥ ሊያመጣ ወንዙ ዳር ወዳሰሩት ጀልባ ወረደ።

ፌንጣው ዝም አለ። ወዲያው ከዛፉ ጫፍ ሌላ ጀመረ፤ ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ ከዚያም ከየአቅጣጫው። አሁን የሚሰማው ሳቅ አልነበረም። «ኤሊሴዮ! ኧረ ኤሊሴዮ! የት ነህ?» እያለ በለቅሶ የሚጣራ የሴት ድምፅ ነበር፤ የራሷ የዮላንዳ ድምፅ። በሕይወቷ እንዲህ ብላ ጮኻ አታውቅም።

እየተንደረደረች ወደ ወንዙ ወረደች። ጀልባው እንደታሰረ ነው። ብልቃጡ ጭቃው ላይ ወድቋል። የወንድሟ ዱካ እስከ ብልቃጡ ድረስ ይሄድና እዚያው ያበቃል።

ፌንጣዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።

ዮላንዳ ልትጣራ አፏን ከፈተች።